የመሬት መዝገብ ሲለወጥ ዱካው እንዴት ይጠበቃል?

በመንዝና በግሼ ደጋ የአርሶ አደሩ የይዞታ ዋስትና በእጁ ያለው ደብተር ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የባለይዞታው፣ የአዋሳኞቹና የመሬቱ አጠቃቀም መረጃ በመረጃ ቋት ተመዝግቦ እንዲያዝ ደንግጎ ነበር።

መዝገቡ ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍቺና ኪራይ በየጊዜው ይለውጡታል። የብዙ ወረዳዎች የመረጃ ቋቶች በአንድ ሰርቨር ላይ ሲሰባሰቡ ደግሞ ስህተትም ሆነ ማጭበርበር በብዛቱ መካከል ሊሰወር ይችላል።

መፍትሔው የለውጥ መዝገብ ነው። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋት፣ ከምን ወደ ምን እንደለወጠ በራሱ ይመዘግባል፤ የቀድሞው ባለይዞታ ስምም አይጠፋም። መከታተያው በእያንዳንዱ ቋት ለየብቻ የሚተከል ከሆነ ዘግይቶ የተከፈተ ቋት ሊረሳ ስለሚችል፣ የቋቶቹን ዝርዝር በየጊዜው ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከሁሉም ቋቶች የተሰበሰበው የለውጥ መዝገብ መረጃውን ከሚቀይረው ባለሙያ እጅ ውጭ፣ በሌላ ኮምፒውተር መቀመጥ አለበት። ለውጡን ያደረገው ሰው ዱካውንም ማጥፋት ከቻለ ክትትሉ ዋጋ የለውም። ተቆጣጣሪውም እያንዳንዱን ለውጥ ከውል ወይም ከፍርድ ቤት ሰነድ ጋር ያመሳክራል፤ ሰነድ የሌለው ለውጥ ምርመራ ይሻል።

ሥርዓቱ የሚያየው ግን የተመዘገበውን ብቻ ነው። በሽማግሌ ፊት በቃል ያለቀ ውርስ ወረዳው ካልደረሰ፣ ማሳውን አንዱ እያረሰው መዝገቡ በሌላው ስም ይቆያል።