ውዱ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምን ያህል ይቆያል?

ጊክቬፕ የተባለው የቻይና ኩባንያ «ኤጂስ» በሚል ስም የሚሸጣቸው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ውሃ፣ አቧራና መውደቅ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በርካሽ የፕላስቲክ ዕቃ ለተማረረ አጫሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ግን ጠንካራው አካሉ ብቻ መሆኑን ነው። ፈሳሹን አሙቆ የሚያተነው ቀጭን የሽቦ ጥቅል አዘውትሮ ለሚጠቀም ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበላሻል። ጣፋጭ ፈሳሽ ደግሞ እየጠቆረ ስለሚጋገርበት ዕድሜውን ይበልጥ ያሳጥረዋል። ጣዕሙ የተቃጠለ ነገር ሲመስል ጥቅሉን መቀየር ግድ ነው፤ ወጪው በግዢው ቀን አያልቅም።

ሌላው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ለሙሉ ከተሞላ በኋላ ይደክማል። ስለዚህ እንደ «ኤጂስ ሌጀንድ» «18650» የሚባሉ ሁለት ተነቃይ ባትሪዎች የሚወስድ መሣሪያ፣ ባትሪው ሲደክም ስለሚቀየር፣ ባትሪው ከውስጥ ከተዘጋበት መሣሪያ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ትርፍ ባትሪ ግን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ ፈጽሞ አይያዝ፤ ብረት ሲነካው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ብሪታንያ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች መሸጥ ስለከለከለች፣ እዚያ ለሚኖር አጫሽ ዘላቂውን መምረጥ ያዋጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። ለማያጨስ ሰው፣ በተለይም ለወጣት፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛልና መሣሪያው ምንም ያህል ቢጠነክር ሊገዛ አይገባም።