የጥናት ጽሑፍ መግቢያና መደምደሚያ

ስለ አንድ አውሬ አጥንቶ እንዲጽፍ ከትምህርት ቤት የታዘዘ ልጅ «ቀይ ቀበሮ የዱር እንስሳ ናት» ብሎ ቢጀምር፥ ይህንማ ማን ያጣዋል? እኛስ መግቢያው እንዲህ ቢል እንወዳለን፤ «ቀይ ቀበሮ ከቤተ ሰቧ ጋራ በኅብረት ትኖራለች፤ አይጥና ፍልፈል ለማደን ግን ብቻዋን ትወጣለች።» አንባቢው «ስለ ምን?» እያለ ይከተላል።

መደምደሚያው ይከብዳል። ብዙ ልጆች መግቢያውን መልሰው ይገለብጡታል፤ ቀለም ማባከን ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች፥ ግልገሎቹ ሳይቈጠሩ፥ ከ500 እንደማይበልጡ፥ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን እንደ ፈጀ በመካከሉ ከጻፈ፥ በመጨረሻው የነገሩን ፍሬ ያውጣ፤ በተራራው አጠገብ ውሻውን የሚያስከትብ ባላገር ቤቱንም ቀበሮዋንም ይጠብቃል። አራት መስመር ይበቃዋል።