«ቀኑ ደርሶ ነው» ከማለታችን በፊት
ስለ ሥራ ላይ ሞትና ስለ ምክንያቶቹ

ሰው በሥራ ላይ ሳለ በሞተ ጊዜ በለቅሶው ቤት ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ቃሉ ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚነገር ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ከለቅሶው ቤት ወጥቶ ወደ ሥራው ቦታ በገባ ጊዜ ብርቱ ጉዳት ያመጣል። ግንበኛው የወደቀው መወጣጫው በበሰበሰ እንጨት የተሠራ በመሆኑ እንደ ሆነ፣ ያን እንጨት ያቆመው ሰው እንጂ ቀን አይደለም። መወጣጫው ሳይታደስ ከቀረም በማግስቱ ሌላ ሰው ይወጣበታል። ስለዚህ በሥራ ላይ የሚደርስ ሞት ምክንያት ያለው፣ ምክንያቱም ሊታወቅና ሊወገድ የሚችል መሆኑን ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን።

ምክንያትን መመርመር ማለት ምን እንደ ሆነ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን፣ ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከነዚህ ውስጥ 8ቱ የበረራው ሠራተኞች ነበሩ። ከመንገደኞቹም ውስጥ በናይሮቢ ለተጠራው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ የሚጓዙና በሌላም የሥራ ጉዳይ የሚሄዱ ይገኙባቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች አውሮፕላኑ የሥራ ቦታቸው ወይም የሥራ መንገዳቸው ነበረ ማለት ነው።

ይህ አደጋ «ቀናቸው ነው» ተብሎ አልታለፈም። የበረራውን መረጃ የሚመዘግቡት ሣጥኖች ተፈልገው ተገኙ፤ በውስጣቸው የተቀረጸውም ተነበበ። አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ልክ መስጠቱ፣ በዚያው በአንዱ መሣሪያ ብቻ የሚታዘዝ ራስ ሠር ሥርዓትም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መግፋቱ ታወቀ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ግን የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ፤ ወደ አየር የተመለሱትም ሥርዓቱ የሁለት መለኪያዎችን ልክ እንዲያነጻጽር ሆኖ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ዓላማው ጥፋተኛን ለመለየት ሳይሆን፣ አደጋው እንዳይደገም ለማድረግ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ወዲህ ያለውን ደግሞ እንመልከት። በገርጂ፣ በቦሌ ቡልቡላ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲነሣ ይታያል። ከነዚህ ሕንፃዎች ላይ ወድቆ ለሞተ የቀን ሠራተኛ፣ ያ ሁሉ ምርመራ ቀርቶ «እንጨቱ ለምን ተሰበረ?» የሚለው አንድ ጥያቄ እንኳ በሚገባ ቢጠየቅለት ብዙ ነፍስ በዳነ ነበር።

በየሥራው ዓይነት የሚገኙ የሞት ምክንያቶች

በመጀመሪያ የሕንፃ ሠራተኞችን እናንሣ። ለብዙ ዘመን መወጣጫ ሲሠራ የኖረው ከባሕር ዛፍ እንጨት በሚስማር እየተመታ ነው። እንጨቱ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተጋዘ፣ ክረምት እያራሰው በጋ እያደረቀው ሲያገለግል ውስጡ ይበሰብሳል፤ ሚስማሩም ይላላል። በዚያ ላይ አርማታ የሞላ ባሬላ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ሲወጡበት ይሰበራል። ክዳን የሌለው የአሳንሰር ቀዳዳና መከለያ የሌለው የፎቅ ጠርዝም እንዲሁ ሰውን ይጥላሉ። ረጅም ፌሮ ይዞ የሚያልፍ ሠራተኛ ደግሞ በአጠገቡ ያለውን የከፍተኛ ኀይል ሽቦ ቢነካ በቅጽበት ይሞታል። እንዲህ ያለው አደጋ ከገጠር መጥቶ ያለ ምንም ትምህርት በዚያው ቀን ሥራ የጀመረውን ወጣት ከሁሉ ይልቅ ያሰጋዋል።

ሁለተኛው የአፈር መደርመስ ነው። በቦሌና በአያት በኩል ብዙው መሬት መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ነፃ ቢሆንም እንኳ ደረቱ መስፋት ስለማይችል ታፍኖ ይሞታል። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያለፈ ጉድጓድ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ሳይደገፍ፣ ወይም ዳሩ ተዳፋት ሆኖ ሳይቈረጥ ሰው ሊገባበት አይገባም። ተቆፍሮ የወጣውንም አፈር ከጉድጓዱ አፋፍ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓይን የማያየው አየር ነው። በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ኃይልን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ሲገባ እርሱም በላዩ ይወድቃል፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ስለዚህ አየሩ ሳይለካና ሳይናፈስ፣ በወገቡም ላይ ገመድ ታስሮ ገመዱን የሚይዝ ሰው በላይ ሳይቆም ማንም ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አይግባ። አደጋ ቢደርስም የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት እንጂ ተከትሎ መግባት አይገባም።

የሌሊት ጠባቂዎችም በዚህ ረገድ ይታሰቡ። በቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ በርና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ማንደጃ አጠገቡ አድርጎ የሚያድር ዘበኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይስባል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ኦክስጅን በደም ውስጥ ሊይዘው የሚገባውን ስፍራ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዝበታል። ሰውየው ሞቆት የተኛ እየመሰለው ሳይነቃ ይቀራል። አሠሪው ለዘበኛው ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ቢሰጠው፣ ከሰሉም ከውጭ እንጂ ከውስጥ እንዳይነድ ቢያዝ ይህ ሞት ፈጽሞ አይደርስም።

በፋብሪካ ስለሚሠሩት ደግሞ የሌላው ዓለም ታሪክ ያስተምረናል። በኒውዮርክ ከተማ መጋቢት 1903 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። በባንግላዴሽ በ2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ የግድግዳው ስንጥቅ በዋዜማው ታይቶ ሳለ ሠራተኞቹ በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክና በየሰፈሩ የልብስ ስፌት ቤት ልጅ ያላት ቤተ ሰብ ሁሉ «መውጫ በሩ በሥራ ሰዓት ክፍት ነውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ቀስ ብሎ የሚገድለው

የሥራ ላይ ሞት ሁሉ ድንገተኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መስከረም ባወጡት ጥናት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በሥራ ምክንያት ከሞቱት 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውስጥ በድንገተኛ ጉዳት የሞቱት 360 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የቀሩትን የገደላቸው በሽታ ነው። ከሁሉ የበለጠውም ምክንያት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በልብ ሕመምና በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት 750 ሺህ ያህል ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ ሌሊትና ቀን የሚነዳ ሾፌር፣ የድንጋይና የአርማታ ብናኝ የሚስብ ሠራተኛ፣ በዓል ሳይል የሚያድር ነጋዴም ከዚህ ቍጥር ውጭ አይደሉም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያስታውቅ ያዛል። በአንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ የሟች ቤተ ሰብ ካሣ ሲጠይቅ ምጽዋት መለመኑ ሳይሆን መብቱን መጠየቁ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደኅንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ ቦታ ማግኘትን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ውስጥ አግብቶታል።

የመምህራንና የነዋሪዎች ድርሻ

በክረምት ዕረፍት ብዙ ተማሪዎች ለደብተርና ለልብስ መግዣ የቀን ሥራ ይገባሉ። ሕጉ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉትንም ለሕይወትና ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ ማሰማራትን ይከለክላል። መምህራን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ይህንና ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን አደጋዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስረዱ፣ ትምህርቱ ከተማሪው አልፎ ለአባቱና ለታላቅ ወንድሙ ይደርሳል።

ቤት የሚያሠራ ነዋሪም ከግንበኛው ጋር ስለ ዋጋ ሲከራከር ስለ መወጣጫውም ይጠይቅ። ከእንጨት ዋጋ የተቀነሰው ገንዘብ ከሰው ዕድሜ የተቀነሰ ሊሆን ይችላልና። አባቶቻችን «አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ከማልቀስ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎችም ሟቹን በክብር ከሸኙ በኋላ አደጋው መመዝገቡንና ለተቆጣጣሪው መነገሩን ቢያረጋግጡ፣ ለሟቹ ልጆችም ለቀሩት ሠራተኞችም ትልቅ ውለታ ይሆናል።

የሰውን ቀን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። የመወጣጫውን ጥንካሬ፣ የጉድጓዱን ድጋፍና የበሩን ቁልፍ ግን ማወቅ የኛ ፋንታ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ በሥራ ላይ የሞተ ሰው ወሬ በሰማን ጊዜ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካልን በኋላ «በምን ሞተ? ያ ነገርስ ዛሬ ተስተካክሏልን?» ብለን እንድንጠይቅ እናሳስባለን።