አንድ መርፌ፣ ሁለት ሆርሞን

ለአንድ ሰው ስኳር በውኃ በጥብጠው ቢያጠጡት፣ በሌላ ቀን ደግሞ የደም ስኳሩ እዚያው መጠን እስኪደርስ በደም ሥሩ ቢሰጡት፣ ቆሽቱ በሁለቱም ጊዜ እኩል ኢንሱሊን የሚያመነጭ ይመስላል። በ1960ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ሌላ ነገር አሳዩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአፍ የገባው ስኳር በደም ሥር ከገባው እጅግ የበለጠ ኢንሱሊን ያስወጣል። ልዩነቱን ያመጣው አንጀት ነው። ምግብ ሲደርሰው አንጀት ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑም ምግብ መምጣቱን ለቆሽት፣ ለጨጓራና ለአንጎል ያሳውቃል።

ዛሬ ብዙ የሚወራላቸው የውፍረት መርፌዎች መነሻቸው ይህ ግኝት ነው። የመጀመሪያዎቹ የአንድን ሆርሞን ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። ተከትለው የመጡት የሁለት ሆርሞኖችን ሥራ በአንድ መርፌ ያጣምራሉ። ጥቂቶቹ ገበያ ላይ ውለዋል፤ የሚበዙት ገና በሙከራ ላይ ናቸው።

ከእንሽላሊት መርዝ እስከ ሳምንታዊ መርፌ

ከአንጀት ሆርሞኖች ሁለቱን ማወቅ ለዚህ ታሪክ ይበቃል። ጂአይፒ የሚባለው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአሳማ አንጀት ተለይቶ ወጣ። ጂኤልፒ-1 በ1980ዎቹ ተከተለው። ሁለቱም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት የደም ስኳር ከፍ ሲል ስለሆነ ስኳሩን ከልክ በታች የመጣል ሥጋታቸው አነስተኛ ነው። ጂኤልፒ-1 ተጨማሪ ሥራ አለው። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ አንጎል ውስጥ ረሃብንና ጥጋብን በሚቆጣጠሩት ክፍሎች ላይ ሠርቶም ሰው ጥቂት በልቶ እንዲጠግብ ያደርጋል።

ችግሩ ዕድሜው ነው። በደም ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ያፈርሰዋል፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ግማሹ የለም። መፍትሔው ካልታሰበ ቦታ መጣ። በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ኢንግ፣ ጊላ ሞንስተር የሚባለውን የደቡብ ምዕራብ አሜሪካና የሜክሲኮ በረሃ መርዛማ እንሽላሊት ሲመረምሩ፣ በመርዙ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስል ነገር ግን ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር አገኙ። ግኝታቸውን ያሳተሙት በ1992 ነው። ከዚያ የተሠራው ኤክሴናታይድ በ2005 በአሜሪካ ለስኳር ሕሙማን ተፈቀደ። በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋ ነበር።

የዴንማርኩ መድኃኒት ሠሪ ኖቮ ኖርዲስክ ደግሞ የሰውን ጂኤልፒ-1 ራሱን በጥቂቱ ለውጦ የስብ አሲድ ቀጠለበት። ይህ ቅጥያ አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ መድኃኒቱ ቶሎ አይፈርስም፤ በኩላሊት በኩልም ቶሎ አይወጣም። በዚህ ዘዴ የተሠራው ሊራግሉታይድ በቀን አንዴ፣ ሴማግሉታይድ በሳምንት አንዴ የሚወጋ ሆነ። ሴማግሉታይድ ለስኳር ሕመም ኦዜምፒክ፣ ለውፍረት ዌጎቪ በሚል ስም ይሸጣል። በ2021 ይፋ በሆነው ትልቅ ሙከራ መድኃኒቱን ለ68 ሳምንታት የወሰዱ ሰዎች በአማካይ ከክብደታቸው 15 ከመቶ ገደማ ቀነሱ፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ የተሰጣቸው የቀነሱት 2.4 ከመቶ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ያህል የሚቀንሰው በአብዛኛው ጨጓራን በቀዶ ሕክምና በማሳነስ ነበር።

ሁለተኛው አድራሻ

አንዱ ሆርሞን ይህን ያህል ከሠራ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ሁለት ነው። የጂኤልፒ-1 መድኃኒት መጠን በጨመረ ቁጥር ማቅለሽለሹና ማስመለሱም ስለሚጨምር መጠኑን ከፍ ማድረግ የሚቻለው እስከ ልክ ነው። ደግሞም ሰውነት የምግብን ጉዳይ ለአንድ ሆርሞን ብቻ አልተወም። ረሃብ፣ ጥጋብ፣ የስብ ክምችትና የኃይል ወጪ የሚመሩት በብዙ ሆርሞኖች ነው። ሁለቱን በልክ በልኩ መንካት አንዱን አጥብቆ ከመግፋት የተሻለ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ከዚህ ተነሣ።

ሐሳቡን ወደ ሥራ ከለወጡት መካከል የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሪቻርድ ዲማርኪና ጀርመናዊው ሐኪም ማቲያስ ቾፕ ይገኙበታል። በ2009 በጂኤልፒ-1ም ግሉካጎን በሚባል ሌላ ሆርሞንም ተቀባዮች (ሆርሞኑ በሚያርፍባቸው የሕዋስ ክፍሎች) ላይ የሚሠራ አንድ ሞለኪውል፣ በ2013 ደግሞ ለጂኤልፒ-1ና ለጂአይፒ የሚሆን ሌላ ሞለኪውል ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳወቁ። ሆርሞንን ደብዳቤ ብንለው፣ የሠሩት ሁለት አድራሻ የተጻፈበት አንድ ደብዳቤ ነው።

ከዚህ ወገን ቀድሞ ለገበያ የበቃው የአሜሪካው ኢላይ ሊሊ ያዘጋጀው ቲርዜፓታይድ ነው። ከ39 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን የጂአይፒንና የጂኤልፒ-1ን ተቀባዮች ያነቃቃል። የስኳር ሕመም የሌለባቸው 2,539 ሰዎች በተሳተፉበት የ72 ሳምንት ሙከራ፣ ከፍተኛውን 15 ሚሊ ግራም የወሰዱት በአማካይ 20.9 ከመቶ ቀነሱ፤ ማስመሰያ የወሰዱት 3.1 ከመቶ። መቶ ኪሎ የነበረ ሰው 79 ኪሎ ገደማ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ በግንቦት 2022 ማውንጃሮ ተብሎ ለስኳር ሕመም፣ በኅዳር 2023 ዜፕባውንድ ተብሎ ለውፍረት፣ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን በእንቅልፍ ላይ ለሚያጋጥም የትንፋሽ መቋረጥ ተፈቀደ። በ2025 የታተመና 751 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከሴማግሉታይድ ጋር ፊት ለፊት ሲያወዳድረው ቲርዜፓታይድ 20.2 ከመቶ፣ ሴማግሉታይድ 13.7 ከመቶ ቀንሰዋል።

ገና በሙከራ ላይ ያሉት

ቲርዜፓታይድ የከፈተውን መንገድ ብዙዎች ተከትለውበታል፤ አካሄዳቸው ግን ይለያያል። አንደኛው ወገን ጂኤልፒ-1ን ከግሉካጎን ጋር ያጣምራል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት የተሳሳተ ይመስላል፤ ግሉካጎን ጉበት ስኳር እንዲለቅ አድርጎ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ሆርሞን ነውና። ነገር ግን ሰውነት የሚያቃጥለውን ኃይል ይጨምራል፤ በጉበት የተጠራቀመውን ስብም ያቀልጣል። ስኳሩን ጂኤልፒ-1 ይቆጣጠረዋል፤ ግሉካጎኑ ስቡን ያነድዳል። ሐሳቡ የሰው ብቻ አይደለም። አንጀታችን በተፈጥሮው የሚያመነጨው ኦክሲንቶሞዱሊን የሚባል ሆርሞን በሁለቱም ተቀባዮች ላይ ይሠራል።

ከዚህ ወገን የጀርመኑ በርንገር ኢንግልሃይምና የዴንማርኩ ዚላንድ ፋርማ ሰርቮዱታይድ አላቸው። በሁለተኛ ደረጃ ሙከራ በ46 ሳምንታት እስከ 18.7 ከመቶ ክብደት ቀንሷል። በስብ ሳቢያ ጉበታቸው በተቆጣ ሕሙማን ላይ ሲሞከር ደግሞ፣ 4.8 ሚሊ ግራም ከተሰጣቸው መካከል 62 ከመቶው የጉበታቸው መቆጣት ሲሻል ማስመሰያ ከተሰጣቸው የተሻላቸው 14 ከመቶው ነበሩ። ከኢላይ ሊሊ ፈቃድ ወስዶ ማዝዱታይድን ያዘጋጀው የቻይናው ኢኖቬንት ከሙከራ ወጥቶ በ2025 በአገሩ ፈቃድ አግኝቷል።

ሁለተኛው ወገን አሚሊንን ይጨምራል። አሚሊን ቆሽት ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚለቀው የጥጋብ ሆርሞን ነው። የኖቮ ኖርዲስኩ ካግሪሴማ አሚሊንን የሚመስለውን ካግሪሊንታይድን ከሴማግሉታይድ ጋር በአንድ መርፌ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2024 ይፋ በሆነው ውጤት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ቢወስዱት የሚቀንሰው 22.7 ከመቶ መሆኑ ተገለጸ። ለሕክምና ትልቅ ውጤት ነው፤ ባለሀብቶች ግን 25 ከመቶ ጠብቀው ስለነበር የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ቀን ክፉኛ ወደቀ። በዚህ መስክ የገንዘቡ ጥድፊያ ከሳይንሱ ይልቅ እንደሚቸኩል ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ ነው። የአምጄን ኩባንያ ማሪታይድ ጂኤልፒ-1ን ያነቃቃል፤ ጂአይፒን ግን ያግዳል። ቲርዜፓታይድ የሚከፍተውን ማሪታይድ ይዘጋል፤ ሁለቱም ክብደት ይቀንሳሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ተቀባዩ ያለማቋረጥ ሲነቃቃ ይደነዝዛልና መጨረሻው ከመዘጋት አይለይም ይላሉ፤ ሌሎች ሁለቱ አንጎል ውስጥ በተለያየ መንገድ ይሠራሉ ባዮች ናቸው። ክርክሩ አልተቋጨም። የማሪታይድ ሌላው ጠባይ በወር አንዴ መወጋቱ ነው። ሦስት ሆርሞን የሚያጣምረው የኢላይ ሊሊ ሬታትሩታይድም ከኋላ እየመጣ ነው፤ 338 ሰዎች በተሳተፉበት የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ48 ሳምንታት 24.2 ከመቶ ቀንሰዋል።

አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች አሰልፎ አንደኛና ሁለተኛ ለመለየት እንዳይቸኩል። የሙከራዎቹ ርዝመት፣ የተሳታፊዎቹ ማንነትና የስሌቱ ዘዴ ይለያያል። እውነተኛ ውድድር የሚባለው በአንድ ጥናት ውስጥ የተደረገው ብቻ ነው።

አወሳሰዱና ጉዳቱ

ለምሳሌ ቲርዜፓታይድ በሆድ፣ በጭን ወይም በላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር በሳምንት አንዴ ይወጋል። በ2.5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ ከፍ ይላል። ይህ ዝግታ ለጨጓራ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ የሚብሱትም መጠኑ በጨመረ ሰሞን ነው። አልፎ አልፎ የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣት ይከሰታል። በአይጦች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ዕብጠት ስለታየ፣ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው የታየባቸው አይወስዱትም። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ልትወስደው አይገባም። ቲርዜፓታይድ በአፍ የሚወሰድ የወሊድ መከላከያን ኃይል ሊቀንስ ስለሚችል ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ተጨማሪ መከላከያ ያስፈልጋል። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑ በሐኪም ካልተስተካከለለት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል።

የሚቀንሰው ሁሉ ስብ አይደለም። በቲርዜፓታይድ ሙከራ ከጠፋው ክብደት ሩብ ያህሉ ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች በቂ ፕሮቲን መመገብንና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን አብረው ያዝዛሉ፤ በተለይ ለአረጋውያን።

መድኃኒቱ ሲቆም

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ሙከራ የማቆም ሙከራው ነው። ቲርዜፓታይድን ለ36 ሳምንታት ወስደው በአማካይ 20.9 ከመቶ የቀነሱ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። መድኃኒቱን የቀጠሉት በሚቀጥለው አንድ ዓመት ሌላ 5.5 ከመቶ ቀነሱ። ሳያውቁት ወደ ማስመሰያ የተዛወሩት 14 ከመቶ መልሰው ጨመሩ። ዐመላቸው አልተለወጠም፤ ቁርጠኝነታቸውም አልደከመም። የተለወጠው በደማቸው ያለው ሆርሞን ነው።

ወፍራም ሰው በእኛም አገር በሌላውም "አፉን መግታት ያቃተው" እየተባለ ሲወቀስ ኖሯል። ይህ ሙከራ ያን ወቀሳ ያፈርሰዋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንደ ደም ግፊት ሥር የሰደደ ሕመም ነው፤ መርፌውም እንደ ግፊት ክኒን ሲወሰድ የሚሠራ፣ ሲተው የሚቆም ነው። ለሠርግ ሰሞን ቀጠን ለማለት ተብሎ የሚጀመር ነገር አይደለም። በአሜሪካ ለውፍረት የሚታዘዘውም የክብደትና የቁመት ንጽጽሩ 30 ለደረሰ፣ ወይም 27 ሆኖ እንደ ግፊትና ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት አዋቂ ነው።

ማን ያገኘዋል?

በዓለም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በ2022 ከአንድ ቢሊዮን ማለፋቸው ተገምቷል። መድኃኒቶቹ ግን በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርቡ የወር ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ወፍራም የስኳር ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የሴማግሉታይድ የፈጠራ መብት በ2026 እንደ ሕንድና ቻይና ባሉ አገሮች ማብቃቱ ደግሞ ርካሽ ቅጂዎች እንዲሠሩ በር ይከፍታል።

ያ እስኪሆን በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲልክ መጠየቅ ያጓጓል። የቲርዜፓታይድ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆየው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ እስከ 21 ቀን ብቻ ነው፤ በረዶ ከሆነ ይጣላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ገና ያልተፈቀዱት እነ ሬታትሩታይድም በኢንተርኔት በብልቃጥ ሲሸጡ ይታያሉ፤ በውስጣቸው ምን እንዳለ ያረጋገጠ የለም።

ስለዚህ ውፍረት ጤናዎን የነሣዎት ከሆነ መጀመሪያ የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ጉበትዎን ያስመርምሩ። መርፌው ያስፈልግ እንደሆነ ከሐኪም ጋር ይወስኑ፤ ከጀመሩም ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ሕክምና እንደሆነ አውቀው ይጀምሩ። ማዘዣ የማይጠይቅ ሻጭ ያቀረበልዎትን ግን አይወጉት።