ከኬክ ሽያጭ እስከ ሰፈር ግራንት

በ1955 (ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ባደሙ ጊዜ፣ ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ሴቶችን አሰባስባ ጓዳዋን የገቢ ምንጭ አደረገችው። ዶሮ ይጠብሳሉ፣ ኬክ ይጋግራሉ፣ በየፀጉር ቤቱና በአድማው ስብሰባዎች ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ ሕዝቡን በግል መኪና ለማመላለስ ነዳጅ ይሆናል። አብሳዮቹም ሆኑ ገዢዎቹ ስማቸው ቢታወቅ ከሥራ ይባረሩ ስለነበር የማን እጅ ምን እንደሰጠ የምታውቀው ጊልሞር ብቻ ነበረች። ቡድናቸውንም ‘ከየትም ያልመጣ ክበብ’ አሉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱ ስሙ ውስጥ ነበር። አድማው 381 ቀን ቆየ።

ይህን ያስቀደምኩት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የበጎ አድራጎት ልገሳ እንዴት ይበረታታ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መስጠት የሌለ ስለሚያስመስል ነው። መስጠቱማ ነበረ፤ ዛሬም አለ። በ1787 ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ ፊላደልፊያ ላይ ያቋቋሙት የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር ከአባላቱ በወር አንድ ሽልንግ ይሰበስብ፣ ለተቸገረ አባል በሳምንት ሦስት ሽልንግ ከዘጠኝ ፔንስ ይሰጥ፣ ባሏ የሞተባትንም ይደግፍ ነበር። ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ እድር ነው። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲመሠርት ለተወረረች አገራችን እጃቸውን የዘረጉት ጥቁር አሜሪካውያን ከዚሁ ልማድ የወጡ ናቸው።

ኦሲዮላ ማካርቲን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ኖረች። በ1995፣ በ87 ዓመቷ፣ ካጠራቀመችው ውስጥ 150,000 ዶላር ለተማሪዎች ድጋፍ እንዲሆን ለደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እንደምትሰጥ ተነገረ። ይህ ትምህርት ቤት ለአብዛኛው ዕድሜዋ ጥቁር ተማሪ የማይቀበል ነበር።

በ2012 የኬሎግ ፋውንዴሽን ያሳተመው ጥናት ከጥቁር ቤተሰቦች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ለድርጅቶች እንደሚሰጡ፣ መጠኑም በዓመት ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ አስፍሯል። በ2022 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ባካሄደው ዳሰሳ ደግሞ የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የጥቁሩ 44,900 ዶላር ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የጎደለው ለጋስነት አለመሆኑን ይረዳል። የጎደለው የመወሰን ሥልጣን ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የት እንደሚሄድ የሚወስኑት በሰፈሩ የማይኖሩ ሰዎች ናቸው።

የመዋጮ ክበቦች የተነሱት ይህንን ለመቀየር ነው። ከሰሜን ካሮላይና የተነሳው ኮሚዩኒቲ ኢንቨስትመንት ኔትወርክ እንዲህ ያሉ ክበቦችን ያስተሳስራል፤ በዋሽንግተን ብላክ ቤኔፋክተርስ የተባለው ክበብ በ2007 ተቋቁሟል። አሠራሩ ቀላል ነው። አባላት አቅማቸው የፈቀደውን በየዓመቱ ያዋጣሉ። ብዙዎቹ የራሳቸውን ፈቃድ ከማውጣት ይልቅ በከተማው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ሥር ሒሳብ ይከፍታሉ፤ የግብርና የሕግ ጣጣውን እሱ ይሸከምላቸዋል። ከዚያ ማመልከቻ ያነባሉ፣ ድርጅቱ ድረስ ሄደው ያያሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ግራንቱን (የድጋፍ ገንዘቡን) ይለቃሉ። ትልልቅ ፋውንዴሽኖች በተዋጣው ላይ እኩያውን ሲጨምሩበት ደግሞ አዲስ አባል ለመሳብ ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ሄዶ ማየቱ ነው። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆችን በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የምታስጠና ሴት የኦዲት ሪፖርትም፣ ማመልከቻ የሚያዘጋጅላት ባለሙያም የላትም። ኤኮይንግ ግሪንና ብሪጅስፓን የተባሉ ድርጅቶች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ባጠኗቸው አመልካቾች መካከል በጥቁሮች የሚመሩ ድርጅቶች እንደፈለጉ ሊያዙበት የሚችሉት ሀብት በነጮች ከሚመሩት በ76 በመቶ ያንስ ነበር። ይህችን ሴት ወረቀቷ ሳይሆን ጎረቤቶቿ ናቸው የሚመሰክሩላት። ክበቡም የጎረቤት ነው።

አሁን ግን መንገዱ ጠቧል። አትላንታ የሚገኘው ፊርለስ ፈንድ የተባለ ድርጅት ለጥቁር ሴቶች ንግድ ብቻ 20,000 ዶላር ይሰጥበት በነበረው ውድድር ምክንያት በ2023 ተከሰሰ። በሰኔ 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድድሩን አገደው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ተከራካሪዎቹ ውድድሩ እንዲቀር ተስማሙ። ክሱ የተመሠረተበት ሕግ በ1866 ከባርነት የወጡ ሰዎችን መብት ለመጠበቅ የወጣ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሕጉ በውል ላይ በዘር ማዳላትን ይከለክላል፤ ክርክሩም ያረፈው ውድድሩ እንደ ውል ይቆጠራል በሚለው ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ክበቦች የማስታወቂያቸውን እያንዳንዱን ቃል ከመለጠፋቸው በፊት ለሕግ ባለሙያ ቢያሳዩ መልካም ነው።