በእርሳሳችሁ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገርና የኤሌክትሪክ ሽቦ



ፊደል የምትጽፉበትን እርሳስ እስቲ በእጃችሁ ያዙት። በእንጨቱ መካከል ያለው ጥቁር ነገር ምን ይመስላችኋል? ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት በውስጡ የለም። ግራፋይት የሚባል ማዕድን ከሸክላ አፈር ጋር ተቀይጦ የተሠራ ነው። ግራፋይት ካርቦን ነው። ከሰልም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ ካርቦን ነው።

ዛሬ ተመራማሪዎች ከዚሁ ግራፋይት የሚገኝ ነገር ከመዳብና ከአሉሚኒየም ጋር ቀይጠው የተሻለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመሥራት ይጥራሉ። ያለው ሽቦ ምን ጎደለው? እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቦም እንደ ቦይ ይጠጣል

መስኖ የምታጠጡ ይህን ታውቃላችሁ። ከወንዝ የጠለፋችሁት ውሃ ሁሉ ማሳችሁ አይደርስም። ከፊሉን ቦዩ ይጠጣዋል። ቦዩ በረዘመ ቁጥር የሚጠፋውም ይበዛል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በሽቦ ውስጥ ሲሄድ እንቅፋት ይገጥመዋል። በዚህ ምክንያት ሽቦው ይሞቃል፤ ከፊሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ 8 ያህሉ ተጠቃሚው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

በአገራችን ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው መሥመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። ኃይሉ በዚህ መሥመር የሚላከው በ500,000 ቮልት ነው። ቮልት ማለት ግፊት ማለት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ያንኑ ኃይል በትንሽ ፍሰት መላክ ይቻላል። ፍሰቱ ካነሰ ሽቦው ብዙ አይሞቅም። አንዱ ዘዴ ይህ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሽቦውን ራሱን ማሻሻል ነው።

የትኛው ብረት ይሻላል?

እናንተ እህል በቁና እንደምትሰፍሩ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችም በ1913 መዳብን መስፈሪያ አደረጉ። የመዳብ የማስተላለፍ ችሎታ 100 ይባል አሉ። በዚህ መስፈሪያ ብር 105 ገደማ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው አይቀመስም። አሉሚኒየም 61 ገደማ ነው። ሆኖም ክብደቱ ከመዳብ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል። ስለዚህ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የምታዩት ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። በወፍጮና በውሃ ፓምፕ ሞተር ውስጥ የተጠቀለለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው።

ሁለቱም አንድ ጉድለት አላቸው። ሲሞቁ ይደክማሉ። መዳብ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ቢሞቅ እንቅፋቱ በመቶ 20 ገደማ ይጨምራል። እንቅፋቱ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ወፍጮ ቤት ሞተሩ ብዙ ሰዓት ሲሠራ ቀረብ ብላችሁ ከሆነ ሙቀቱ ተሰምቷችኋል። ያ ሙቀት ሒሳብ የተከፈለበት ኤሌክትሪክ ነው፤ ግን እህል አልፈጨም።

ግራፊን ምንድን ነው?

ግራፋይት በሞሰብ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። እርሳሱ የሚጽፈው ድርብርቡ እየተንሸራተተ ወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በሚያህል ግራፋይት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ድርብ አለ። ከዚያ ውስጥ አንዷ ድርብ ግራፊን ትባላለች።

ይህችን አንዲት ድርብ በ2004 ለይተው ያወጧት በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሰሎቭ ናቸው። መሣሪያቸው ምን ነበር? ወረቀት የሚጣበቅበት ተራ ፕላስተር! ግራፋይቱ ላይ እየለጠፉ እየላጡ አሳሱት። በ2010 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ኤሌክትሪክ በግራፊን ላይ ያለ ብዙ እንቅፋት ይሮጣል። ታዲያ ለምን ከሱ ብቻ ሽቦ አይሠራም? ድርቧ እጅግ ስስ ናት። ብዙ ቁራጭ ቢቀጣጠል ደግሞ ኤሌክትሪኩ በየመጋጠሚያው ይሰናከላል። ስለዚህ ከብረት ጋር መቀየጥ ግድ ሆነ።

መቀየጡ ቀላል አይደለም

የቀለጠ መዳብና ካርቦን አይዋደዱም። ውሃ ቅቤ በተቀባ ነገር ላይ እንደሚንከባለል ነው። ግራፊኑ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ በደንብ ያልተበጠበጠ ዱቄት እንደሚጓጉልም ይጓጉላል። የጓጎለ ግራፊን ሽቦውን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሪችላንድ ከተማ ያለው የፓስፊክ ሰሜን ምዕራብ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሌላ መንገድ ሞከረ። መዳቡንና ግራፊኑን በኃይል እየተጫኑ ያሽከረክሩታል። መጅና ወፍጮ ሲፋተጉ እንደሚሞቁት ሁሉ መዳቡም ይሞቃል፤ ሳይቀልጥ ይለሰልሳል። ከዚያ በቀዳዳ በኩል ሽቦ ሆኖ ይወጣል።

በ2024 ያወጡት ውጤት የሚያስገርም ነው። በ10 ኩንታል መዳብ ውስጥ 18 ግራም ግራፊን ብቻ በሚያህል መጠን ቀየጡ። መዳቡ ሲሞቅ የሚጨምረው እንቅፋት በመቶ 11 ቀነሰ። ሳይሞቅ የነበረውም ችሎታ አልጎደለበትም።

ይህ ምን ማለት ነው? ቅድም 20 ያልነው ጭማሪ ወደ 18 ገደማ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጥቂት ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌት ተቀን ለሚሠራ ሞተር በየሰዓቱ የሚተርፈው ጥቂት፣ ዓመት ሲሞላ ብዙ ይሆናል። ጎተራም የሚሞላው በቁና በቁና ነው።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

በላቦራቶሪ አጭር ሽቦ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር በርካሽ መሥራት ሌላ ነው። ትግሉ አሁን እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ አንዱ መጥቶ «ይህ የግራፊን ሽቦ ነው፣ ቆጣሪያችሁን በግማሽ ይቀንሳል» ቢላችሁ አትመኑት። ከላይ ያነበባችሁትን ቁጥር አስታውሱ።

ለጊዜው የሚበጀው የታወቀው ነገር ነው። ሰፊ ቦይ ውሃ በደንብ እንደሚያሳልፍ፣ ወፈር ያለ ሽቦም ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል። ለፓምፕ ወይም ለወፍጮ ሞተር ሽቦ ስትገዙ ስለ ውፍረቱ ባለሙያ ጠይቁ። ቀጭን ሽቦ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ሲሠሩበት ግን እየሞቀ ገንዘባችሁን ይበላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

አንብባችሁ ስትጨርሱ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦
1. ሽቦና የመስኖ ቦይ በምን ይመሳሰላሉ?
2. ሽቦ ሲሞቅ የሚጎዳው ማን ነው?
3. ግራፊን ከመዳብ ጋር መቀየጥ ለምን አስቸገረ?