ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ

ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ባሌ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ለእግር ጉዞ የሚያቀና ሰው ጃኬት ከሚያስስባቸው ቦታዎች አንዱ ታይዋን የሚባለው የከተማዋ ገበያ ነው። ገበያው ስም ያወጣው በኤሌክትሮኒክስ ቢሆንም ልብሱም፣ ጫማውም፣ የጀርባ ቦርሳውም አይጠፋም። አስቸጋሪው የከተማዋ ሙቀት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እኩለ ቀን ላይ ጃኬት የሚለካ ሰው ዚፑን አጋማሽ ሳያደርስ ያልበዋል። «ያፍናል» ብሎ ያወልቀዋል። ሻጩ ደግሞ «አቦ፣ ወላሂ ጠብታ አያሳልፍም!» ይለዋል። ገዢው የሚያወራው ስለ ላብ ነው፣ ሻጩ ስለ ዝናብ። የዝናብ ጃኬት ሥራም ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ዝናብ መከልከሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 እ.ኤ.አ. በሁለት ጨርቆች መካከል ጎማ አጣብቆ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ዛሬ በክረምት መንገድ ዳር የሚሸጠው የላስቲክ ልብስም ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ከውስጥ ነው። ቦርሳ አዝሎ ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል፤ መውጫ ያጣው ላብ ሸሚዙን ያበሰብሰዋል። ድሬ ላይ ቢሆን ይህ ካለመመቸት አያልፍም፣ ቢብስ ያሳክካል። ሙቀት ግን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። 4,000 ሜትር ላይ ያለው የሳኔቲ አምባ ደርሶ ለእረፍት የቆመ መንገደኛ፣ የረጠበ ሸሚዙን ነፋስ ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ተራራ ላይ ሰው በብርድ የሚሞተው የግድ በረዶ ሲጥል አይደለም፤ ርጥበትና ነፋስ ከተገናኙ ይበቃል።

የደጋው እረኛ ለዚህ ችግር የራሱን መልስ ከሰጠ ቆይቷል። ከሣር የሚጎነጎነው ገሳ ውሃውን በላይ በላዩ እያንሸራተተ ወደ መሬት ያወርደዋል፤ ከሰውነት ጋር ስለማይጣበቅና ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ደግሞ የላቡ እንፋሎት በታች በኩል ይወጣል። ለቆመ ወይም ከብት ተከትሎ ለሚያዘግም ሰው ከዚህ የተሻለ ልብስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቦርሳ ለሚያዝል፣ ቁጥቋጦ ለሚጥስና ገደል ዳር ለሚሄድ ሰው ግን አይሆንም።

የዘመኑ መልስ የተገኘው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ቦብ ጎር የተባለው አሜሪካዊ ምግብ በማይዝ መጥበሻ ላይ የሚለበጠውን ፕላስቲክ አሙቆ ድንገት ሲስበው፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ስስ ገለፈት ሆነለት። ጎርቴክስ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። የውሃ ጠብታ በቀዳዳዎቹ ለመግባት እጅግ ትልቅ ነው፣ የእንፋሎት ቅንጣት ግን ይሾልካል። በገበያ ላይ የሚበዙት ርካሽ ጃኬቶች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ጨርቃቸው ከውስጥ በኩል ፖሊዩሪቴን ተቀብቷል። አብዛኛው ቅብ ቀዳዳ የለውም፤ እንፋሎቱን መጥጦ በሌላኛው ፊቱ ይለቀዋል፣ አዝጋሚ ቢሆንም።

እዚህ ላይ ሻጭም ገዢም የሚዘነጉት ነገር አለ። እንፋሎት በራሱ ኃይል አይወጣም፤ የሚወጣው ከውስጥ በዝቶ ከውጭ ሲያንስ ነው። 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም እንፋሎት ይይዛል፣ 5 ዲግሪ ላይ ያለው ግን 7 ግራም ያህል ብቻ። ስለዚህ ሳኔቲ ላይ ዝናብ እየጣለ እንኳ ከጃኬቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ከውጭው በብዙ ስለሚበልጥ ይገፋል። በሐምሌ ከሰዓት ድሬ ላይ ልዩነቱ ይጠብባል። ታይዋን ውስጥ ለብሶ «አፈነኝ» ማለት እንግዲህ ስለ ጃኬቱ ብዙ አይነግርም፤ በአፍ እፍ ብሎ መሞከርም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ጥሩው ገለፈት ነፋስን ጭምር ይከለክላል።

በመለያው ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። አንደኛው በሚሊ ሜትር ነው፤ 10,000 ከተባለ ጨርቁ የ10 ሜትር የውሃ ዓምድ ጫና ይችላል ማለት ነው፤ ለአብዛኛው ጉዞ ይበቃል። ሁለተኛው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ካሬ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያልፍ ይናገራል። 10,000 ግራም ብዙ ይመስላል። ለ24 ሲካፈል ግን በሰዓት 417 ግራም ገደማ ነው፣ ያውም ምቹ በሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ያውም ጀርባውን ቦርሳ ሳይሸፍነው። ከአንድ ሊትር ላብ ጋር ያስተያዩት። መለኪያውም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የሁለት ጃኬቶችን ቁጥር ማወዳደር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በኔ ግምት ከየትኛውም ቁጥር ይልቅ በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ይበልጣል። ዳገት ላይ ይከፈታል፣ ሜዳ ላይ ይዘጋል፤ ገሳው በታች በኩል የሚሠራውን ይህ በጎን ይሠራዋል።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የውጭው ማርክ ሳይሆን የውስጡ ስፌት ነው። ማርክ ማንም ይሰፋዋል። ጃኬቱን ገልብጠው በትከሻውና በቆቡ ዙሪያ ያለውን ስፌት በጣት ይከተሉ፤ መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ ሙሉ ርዝመቱ በስስ ቴፕ መታሸግ አለበት። ዋና ዋናው ብቻ ታሽጎ የኪሱና የቆቡ የተተወበት አለ፤ ይህ ለካፊያ ይሆናል፣ ለሙሉ ቀን ዝናብ አይሆንም። ቀጥሎ ከሃይላንድዎ ትንሽ ውሃ ያንጠባጥቡበት፤ አዲስ ጃኬት ላይ ጠብታው እንደ ጎመን ቅጠል ላይ ጤዛ ይንከባለላል። ይህ የውጭው ጨርቅ የተነከረበት ውሃ የሚያንከባልል መድኃኒት እንዳልለቀቀ ያሳያል እንጂ ውሃ አለማስገባቱን አያረጋግጥም፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢምል። ቆቡን ደፍተው አንገትዎን ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ ቆቡ አብሮ ካልዞረ ገደል ዳር በአንድ ዓይን መሄድዎ ነው።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ውስጡን በጥፍሩ ይፋቀው። ፖሊዩሪቴን በሙቀትና በርጥበት ያረጃል፤ ይጣበቃል፣ እንደ ቅርፊትም ይላላጣል። ማጅራቱ ላይ መላጥ የጀመረ ጃኬት፣ ታዋቂ ማርክ ቢሆንም፣ ከንፋስ መከላከያነት አያልፍም።

ክብደቱስ? ቀላል የሚባለው ጃኬት 200 ግራም ያህል፣ ጠንከር ያለው ከ400 በላይ ይመዝናል። ገለፈቱን ከላይም ከታችም ጨርቅ የሸፈነው ባለ ሦስት ድርብ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሁለት ተኩል የሚሉት ውስጡ በስስ ቅብ ብቻ የተጠበቀ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ግን ቆዳ ላይ ይለጠፋል። የውጭ አገር መጽሔቶች ግራም እየቆጠሩ ቀላሉን ያወድሳሉ፤ እነርሱ ዕቃቸውን ሁሉ ለሳምንታት የሚያዝሉ ሰዎች ናቸው። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚጓዝ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጓዙን በበቅሎ ያስጭናል፣ እሱ የሚይዘው የቀን ቦርሳ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ መቶ ግራም ጨምሮ የቦርሳ ማንገቻ የማይበላውን ወፈር ያለ ጨርቅ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ወደ ጋራ ሙለታ ለአንድ ቀን ደርሶ ለሚመለስ ደግሞ በገዛ ኪሱ የሚጠቀለለው ቀላሉ ይበቃዋል። ዣንጥላ ለከተማ ነው፣ ተራራ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

የተገዛው ጃኬት ቶሎ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእጥበት ነው። ላብና የቆዳ ቅባት ገለፈቱን ስለሚደፍኑ መታጠብ አለበት፤ ነገር ግን ማለስለሻ አይነካውም፣ ዱቄት ሳሙናም ዝቃጩ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ውሃ እንዲስብ ያደርገዋል። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ተጠቅሞ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ጠብታ መንከባለሉን ሲያቆም፣ መለያው ከፈቀደ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ በትንሽ ሙቀት መተኮስ መድኃኒቱን ይቀሰቅሰዋል። ያ መድኃኒት ለረጅም ዘመን የተሠራው ተፈጥሮ ውስጥ ከማይበሰብስ የፍሎሪን ውህድ ሲሆን፣ ፋብሪካዎች አሁን እየተዉት ነው። ተተኪው ዘይትና ቆሻሻ ቶሎ ስለሚይዘው አዲሶቹ ጃኬቶች ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋሉ። ከጉዞ መልስም እንደረጠበ ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መተው የለም፤ በድሬ ሙቀት እንዲህ የከረመ ቅብ በሚቀጥለው ክረምት ሲዘረጋ እየተላጠ እጅ ላይ ይቀራል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በማንጠልጠያ ይሰቀል።